የክፍሌን በር ስትረግጥ የኖረችው መኪና

ትናንት ከሰዓት በኋላ አባዬ ቁልፍ ሰጠኝ። በሲባጎ የታሰረ፣ ገና ከሱቅ የወጣ አንድ ቁልፍ። “ሁለተኛው እኔ ጋ ይቀመጥ” አለና ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ ሁለተኛውንም ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ከዚያ ወደ ሳሎን ገባ። እኔም በግቢያችን ጥግ አዲስ የተሠራችውን ክፍል ከፍቼ ገባሁና ከውስጥ ቆለፍኩ። ከፈትኩ። እንደገና ቆለፍኩ። ትናንት ላፍቶ ውስጥ ከእኔ በላይ ደስ ያለው ሰው ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ክፍሏ ገና ባዶ ነበረች። ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፌ ተቀመጥኩ። ያልደረቀ ሲሚንቶና ቀለም ይሸታል፤ ጉዴን ያመጣው ያ ሽታ ነው። ከዚህ በፊትም እዚሁ ቦታ ላይ ይሄንኑ የምትሸት ክፍል ነበረችኝ። ደስታዬ አልሄደም፣ ግን ከሥሩ ንዴት እንደ ሽሮ ይንተከተክ ጀመር። ትዝታ የሽማግሌ ነው፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ምን አይታ ነው የምታስታውሰው የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ዘመን ሲያልፍ አይቻለሁ። ትምህርት ቤታችን በር ላይ ሳምቡሳ በአምስት ብር ይሸጥ ነበር፤ ምስሩ ጢም ያለ፣ ቃሪያው እንባ የሚያስመጣ። ዛሬ በሃያ ብር የሚሸጡልን አየር ነው። ከአስፋልቱ ወደ እኛ ቤት የሚያስገባው መንገድ ኮብልስቶን ሳይነጠፍ በፊት ክረምት ሲመጣ ጫማችንን በፌስታል ጠቅልለን ጭቃውን እንሻገርና፣ ታክሲ ከመሳፈራችን በፊት ፌስታሉን አጥር ሥር እንደብቅ ነበር፤ ማታ ስንመለስ የሚያስፈልገን እሱ ነዋ። ወንዶቹ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያልቅ ጠባብ ሱሪ ያለ ካልሲ የሚለብሱበት ጊዜ ነበር፤ ዛሬ እነዚያው ልጆች ሁለት ሰው የሚይዝ ሱሪ ለብሰው አስፋልት ይጠርጋሉ። ያ ሁሉ አልፏል። ያላለፈው የኔ ንዴት ብቻ ነው።

ቤታችን ሁለት መኝታ ቤት አለው። አንዱ የአባዬና የእማዬ፣ ሌላው የወንድሜ የበረከት፤ ሰፈር ውስጥ ቤኪ ነው የሚባለው። እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ ነበር የምተኛው። ግቢው ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ሰርቪስ ቤት ነበረች፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ሴትዮ የተከራየቻት። አባዬ ያኔ “የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ እለፊ እንጂ፣ ሴትዮዋ ስትለቅ ክፍሉ ያንቺ ነው” አለኝ። አለፍኩ። ሴትዮዋም ለቀቀች። እማዬና እኔ ግድግዳውን ከቤተ ክርስቲያን አጥር በተረፈ ሰማያዊ ቀለም ቀባነው። በሩ የድሮ ወፍራም ጣውላ ነበር፣ ሲዘጋ ሆዴ ድረስ የሚሰማ “ግም” ይላል፤ እሱንም ሰማያዊ ቀባሁት። ለዩኒፎርሜ አንድ ሚስማር መታሁ፣ ለመስታወቴ ሌላ። መስኮቱ የሚያየው የጎረቤታችንን የእትዬ አልማዝን ግድግዳ ብቻ ነበር፣ ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ታርፍና ወደ እኔ ትመለሳለች። እዚያች ክፍል ውስጥ ሦስት ወር ኖርኩ። ንግሥት ሦስት ወር ብቻ ከነገሠች ነገሠች ይባላል አይደል? እንግዲያው እኔ ነግሻለሁ።

ቤኪ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። አስፋልቱ ዳር ካሉት ፎቆች በአንዱ ሞባይል ይጠግናል፣ ይሸጣል። እጁ ወርቅ ነው፣ እሱን አልክድም፤ ውኃ የገባበትን ስልክ እንደ ሐኪም ነው የሚያስነሣው። ኪራይ አይከፍል፣ ምግቡ ከእማዬ ድስት፣ ሸሚዙ ከእኔ እጅ፤ ለዓመታት የሠራውን ሁሉ አጠራቀመ። እራት ላይ ስልኩን ከፍቶ የሞተር ድምፅ ያሰማናል። ዘፈን አይደለም፣ ሞተር። “ስሙት ይሄን፣ ስሙት እስቲ” ይላል ዓይኑን ጨፍኖ። አባዬ ሳቅ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። እማዬ “ልጄ፣ ይሄ ነገር ታሟል እንዴ፣ ያጓራል” ትላለች። አንድ ቀን መኪና ልገዛ ነው አለ። ቤቱ በደስታ ተናወጠ። በእናቴም በአባቴም ዘር መኪና የገዛ ሰው አልነበረም፤ ከሆሳዕና የመጣ ዘመድ ሁሉ የእኛን ቤት የሚያገኘው ታክሲ ተሳፍሮ፣ ከአስፋልቱ በእግሩ ጠይቆ ነው።

“ታዲያ የት ታድራለች?” አለ አባዬ።

“ውጪ ካደረች በነጋታው ስፖኪዮዋ የለም” አለ ቤኪ። “ግቢ መግባት አለባት።”

“ግቢው የት ይበቃል?”

ቤኪ በመስኮቱ ወደ ሰማያዊዋ ክፍል ነው ያየው። ሁላችንም ተከትለን አየን። እኔ ሹካዬን አስቀመጥኩ።

“ለጊዜው ነው” አለች እማዬ ቶሎ ብላ። “አንቺ ደግሞ ሳሎኑን ለምደሽዋል።”

“ቃል ገብታችሁልኛል እኮ።”

“ቤት ኪራይ ገብቶ ገንዘቡን ቢበትን ይሻላል ወይ?” አለ አባዬ፣ እኔን ሳያይ። “ወንድምሽ ነው። ነገ አንቺንም ትምህርት ቤት የሚያደርስሽ እሱ ነው።”

ክፍሏን ለማፍረስ ግማሽ ቀን አልፈጀም። ሰማያዊ ጭቃ ቁልል ሆና አየኋት። ሚስማሮቼን ለቅሜ በክብሪት ቀፎ አስቀመጥኳቸው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገር ቤት ሲገባ የምስጋና ፕሮግራም ይደረጋል። አባዬ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ስለሆነ፣ የሰፈሩ የጸሎት ኅብረትም ዘወትር ሐሙስ በእኛ ሳሎን ስለሚሰበሰብ፣ ደስታውን መያዝ አቃተው። መኪናዋ ሳትመጣ፣ እሱም በዓይኑ ሳያያት፣ ቆሞ “ጌታ መኪና ሰጥቶናል፤ ታማሚ ቢኖር፣ ነፍሰ ጡር ብትኖር፣ ለቅሶ የሚሄድ ቢኖር፣ ለኅብረቱ ሁሉ ታገለግላለች” ብሎ ተናገረ። በአእምሮው ያለችው ከኋላ ዕቃ የምትጭን፣ ሰባት ሰው የምትይዝ ሰፊ መኪና ነበረች። የመጣችው ግን ቀይ፣ መሬት ለመሬት የምትሳብ፣ ዕድሜዋ ከእኔ የሚበልጥ ባለ ሁለት በር መኪና ናት። ሰዉ ሁሉ ዳቦና ለስላሳ ይዞ ግቢ ውስጥ ቆሟል። የኅብረቱ መሪ እህት ዘነበች ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞረች።

“በረከት፣ የኋላ በሯስ?”

“የኋላ በር የላትም እህት ዘነበች። ስፖርት መኪና ናት።”

“ታዲያ እኛ የት ልንቀመጥ ነው?”

አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ጸሎት ጀመረ። ሌላ ምን ያድርግ። በጸሎቱ መሀል እትዬ አልማዝ ከአጥሩ ማዶ በርጩማ ላይ ወጥተው ሲያዩ ቆይተው፣ አሜን ሲባል ጠብቀው “ጋሽ ማቴዎስ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ስታድግ እኛንም ትጭነናለች” አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባዬ በእትዬ አልማዝ በር በኩል አያልፍም፣ ዞሮ ነው የሚሄደው።

አሁን የሚያናድደኝ ክፍል መጣ። መኪናዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች የግቢያችንን በርና የውኃ መውረጃውን ቦይ መሻገር አትችልም፤ ሆዷ ይነካል። ቤኪ አሰበ፣ አሰበና መፍትሔ አገኘ። የክፍሌን በር አናጺ ቤት ወስዶ ለሁለት አስቀደደው፤ ወፍራም ጣውላ ነው አላልኩም? አንዱ ግማሽ ለግራ ጎማ፣ አንዱ ግማሽ ለቀኝ ጎማ። ጠዋት ጠዋት ጣውላውን ቦዩ ላይ የማስቀምጠው፣ መኪናዋ ስትወጣ ጎትቼ የማስገባው እኔ ነበርኩ። ማታ ስትመለስ እንደገና። ዩኒፎርም ለብሼ፣ ቦርሳዬን አዝዬ፣ ጣቴ ውስጥ ስንጥር እየገባ። “ትንሽ ወደ ግራ፣ ምህርዬ፣ ትንሽ፣ እንደሱ፣ ጎበዝ” ይለኛል መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሽቶው ከውስጥ እየመጣ። ከዚያ በገዛ እጄ የቀባሁትን ሰማያዊ በር በጎማዋ ረግጣ፣ ጢስ እየተፋች ትወጣለች። ትምህርት ቤት አድርሶኝ ያውቃል ወይ? ጎኑ ያለው ወንበር ሁሌ ለጓደኞቹ ነው። እኔ ታክሲ ተራ ላይ ተሰልፌ ቆሜ፣ ቀይዋ መኪና የአስፋልቱ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ስትደርስ እንደ ነፍሰ ጡር ቀስ ብላ፣ በአግድም ስትሻገር አያታለሁ፤ የተሰለፈው ሰው ይስቃል፣ እኔም እንደማላውቃት አብሬ እስቃለሁ።

እውነት ለመናገር አንድ ቀን አሳፍሮኛል። እሑድ ጠዋት ነው፣ መንገዱ ባዶ። ብስራተ ገብርኤል ድረስ ሄደን ተመለስን። መቀመጫው ሰው አቅፎ የሚይዝ ዓይነት ነው፣ ከአስፋልቱ ጋር እኩል የተቀመጥኩ መሰለኝ። አንድ የቆየ መዝሙር ከፍቶ ነበር፤ ቤት ውስጥ በትንሿ ስልክ ስሰማው የማላውቀው ቤዝ ከወንበሩ ሥር ደረቴን መታኝ። የቤኪ ፊት ልጅ ሆኖ ነበር፣ እኔን በትከሻው ተሸክሞ የፌስታል ካይት የሚያበርልኝ ጊዜ የነበረው ፊት። መስኮቱን ከፍቼ እጄን አወጣሁ። ስንመለስ ወርጄ ጣውላውን አስቀመጥኩና አስገባኋት። ለዚያች ሃያ ደቂቃ እስከ ዛሬ ድረስ በራሴ እናደዳለሁ፤ ምክንያቱም በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ሦስት ዓመት አለፈ። “ለጊዜው” የሚባለው ቃል እኛ ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት ርዝመት አለው። መኪናዋ ግማሹን ዘመን ቆማ ነው ያሳለፈችው፤ አንዴ መለዋወጫ ይጠፋል፣ አንዴ ነዳጅ ሰልፍ ይሆናል። ስትቆም ሸራ ትለብሳለች። ለእሱ መኝታ ቤት፣ ለመኪናዋ መኝታ ቤት፣ ለእኔ ሶፋ። ብርድ ልብሴን ጠዋት ጠቅልዬ ከሶፋው ጀርባ እወትፋለሁ። ልብስ የምቀይረው ሽንት ቤት ነው። እንግዳ ከመጣ የሚቀመጠው አልጋዬ ላይ ነው፣ ስለዚህ እንግዳው እስኪሰለቸው ድረስ እኔ አልተኛም። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ኅብረቱ ሲመጣ ኩሽና ገብቼ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጬ አጠናለሁ።

የኅብረቱ ልማድ እንዲህ ነው። የጸሎት ርዕስ ያለው ሰው በብጣሽ ወረቀት ይጽፍና የዳቦ ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። ስም አይጻፍበትም፣ ማንም በችግሩ እንዳያፍር። እህት ዘነበች አንድ በአንድ አውጥታ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ይጸለይበታል። ከእኛ ቤት የሚገባው ወረቀት ሁልጊዜ የሚታወቅ ነው፤ “የመኪናው ማርሽ እንዲስተካከል”፣ “መለዋወጫው በሰላም እንዲገባ”። ስም ባይኖረውም ማን እንደጻፈው ሁሉም ያውቃል፣ አሜን ይላሉ።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ አንድ ሐሙስ፣ በማግስቱ የሒሳብ ፈተና ነበረብኝ። ኩሽና ውስጥ መብራቱ ተቃጥሏል። ሳሎን በሰው ተሞልቷል። ቤኪ ክፍሉ ውስጥ በሩን ዘግቶ ተኝቷል። “ቤኪ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ጠረጴዛህ ላይ ልቀመጥ” አልኩት በበሩ ቀዳዳ። “ደክሞኛል ምህርዬ፣ ሌላ ቀን” አለኝ። ግቢ ወጣሁ። ከበሩ ላይ ባለችው አምፖል ሥር መኪናዋ ሸራዋን ለብሳ፣ ደረቅ ቦታ ላይ፣ ጸጥ ብላ ተኝታለች። ከሒሳብ ደብተሬ አንድ ገጽ ገነጠልኩና እላይዋ ላይ አስደግፌ ጻፍኩ። አጣጥፌ ገብቼ ቅርጫቱ ውስጥ ጣልኩት፣ ተመልሼ ኩሽና በር ላይ ቆምኩ።

እህት ዘነበች ሦስተኛ ላይ አወጣችው።

“‘በዚህ ሰፈር አንዲት ልጅ አለች’ ይላል” አለች መነጽሯን አስተካክላ። “‘አባትም እናትም አላት። የምትተኛው ሶፋ ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ አልጋዋ ላይ ይቀመጣል፣ እስኪሄድ ትጠብቃለች። ክፍል ነበራት፣ ፈርሶ ለሌላ ተሰጠ። የተሰጠው ግን ሰው አይደለም፤ አያጠናም፣ አያለቅስም፣ ልብስ አይቀይርም። ልጅቷ ልብስ የምትቀይረው…’” እህት ዘነበች ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጋች። “‘…ሽንት ቤት ነው። ሀብት አልለመነችም። የሚዘጋ በር ነው የፈለገችው። ቤተሰቧ እንዲያያት ጸልዩላት።’”

አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች፣ ሌላዋ ተከተለቻት። “ኧረ በስመ ጌታ፣ ይቺ ልጅ የት ነው ያለችው?” አለች እህት ዘነበች። “ዛሬውኑ እኔ ቤት ትምጣ። የትልቋ ልጄ አልጋ ባዶ ነው። ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው ይሄ?” ሶፋው ላይ የተቀመጡት ሦስት ሴቶች ራሳቸውን እየነቀነቁ እንባቸውን ይጠርጋሉ። የዚያችን ልጅ አልጋ ላይ ተቀምጠው ነው የሚያለቅሱላት። ከጀርባቸው የብርድ ልብሴ ጫፍ ወጥቶ ይታያል። እማዬ መሬት መሬት ታያለች።

አባዬ እጁን ዘረጋና ወረቀቱን ተቀበለ። ለረጅም ጊዜ አየው። ጽሕፈቴን ያውቃል፤ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ቀና ሲል ኩሽና በር ላይ አየኝ። አልሸሸሁም።

“ጋሽ ማቴዎስ፣ የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃሉ እንዴ?” አለች እህት ዘነበች።

“አዎ” አለ። ድምፁ ወረደ። “የእኔ ናት።”

በዚያች ሰዓት ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ይልቅ ንዴቴ ያን ጊዜ ነው አናቴ ላይ የወጣው። አባዬ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሳሎን ሲገባ ብርድ ልብሴን ስጠቀልል አይቶኛል። “ደህና አደርሽ” ብሎኝ አልፏል። በዓይኑ ያየው ነገር የገባው ሲነበብለት ነው። ይሄ እስከ አሁን ያንገበግበኛል። ግን መጻፍ ምን እንደሚያደርግ ያወቅኩትም ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዕሬን አላስቀመጥኩም።

ሰዉ ሲወጣ ቤኪ ኩሽና መጣ፤ ልቅሶው ቀስቅሶት እሱም ሰምቷል።

“አዋረድሽን። ጸሎት ላይ።”

“ስም አልጻፍኩም።”

“እኔ ለዚህች መኪና ስንት ዓመት እንደለፋሁ ታውቂያለሽ? አንድ ሻይ ከጓደኞቼ ጋር አልጠጣሁም። ህልም ማለት ምን እንደሆነ አይገባሽም አንቺ።”

“ህልም ለማየት መጀመሪያ መተኛት ያስፈልጋል” አልኩት።

“ምላስሽ” ብሎኝ ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ጠራው። “አላባርርህም፣ ልጄ ነህ” አለው። “መኪናዋ ግን ወር ሳይሞላ ከዚህ ግቢ ትውጣ። የት እንደምታድር አንተ ታውቃለህ።” ቤኪ ሸራዋን እንኳ ሳያወልቅ ሁለት ሳምንት ዞራት። ከዚያ ለቡ ኮንዶሚኒየም ከጓደኛው ጋር ተከራየ። የሄደ ቀን ጣውላውን ለመጨረሻ ጊዜ አስቀመጥኩለት። ሲያልፍ መስኮቱን ዝቅ አላደረገም። እማዬ አለቀሰች፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጇ ገና ስለሄደ። አሁን እየደወለ ኪራይ እንዴት እንደሚወደድ ይነግራታል። መኪናዋ ሜዳ ላይ ከኮንዶሚኒየሙ ሕፃናት ኳስ ጋር ትውላለች አሉ፤ እሱ ሥራ የሚሄደው በታክሲ ነው። ያሳዝነኛል። ማዘኔም ያናድደኛል። አንድ ቀን እንታረቅ ይሆናል፣ ዛሬ ግን አይደለም።

የቤኪን መኝታ ቤት እማዬ “አንድ ቀን ይመለሳል” ብላ እንደነበረ ቆለፈችው። ክፍሏን ለመሥራት ብዙ ወራት ፈጀ። ለማፍረስ ግማሽ ቀን ነበር የበቃው፣ ይሄንንም አልረሳም። ትናንት ግን አለቀች። ዛሬ እትዬ አልማዝ ሁለት ወንበር በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ፣ እህት ዘነበች ፍራሽ ላከችልኝ፣ ጠረጴዛውን አባዬ ራሱ ተሸክሞ ያመጣልኛል።

እንግዲህ ይሄን የምታነቡ፣ ላፍቶም ሁኑ ለቡ፣ ሳሎን የምትተኙ፣ እንግዳ እስኪሄድ የምትጠብቁ፣ ሽንት ቤት ልብስ የምትቀይሩ ልጆች ካላችሁ፣ ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ ክፍሌ የእናንተም ነው። ማጥናት የፈለገች ታጥና፣ ማልቀስ የፈለገች ታልቅስ፣ እንቅልፍ ያማራትም ትተኛ፣ ማንም አይቀሰቅሳትም። ንዴቷን መጻፍ የምትፈልግ ካለች ደግሞ ወረቀት አለ። አንድ ነገር ብቻ አደራ እላታለሁ፤ ስሟን ትጻፍበት። እኔ ያኔ አልጻፍኩም። አባዬ “የእኔ ናት” ባይል ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ለማያውቃት ልጅ አልቅሶ፣ ከአልጋዬ ላይ ተነሥቶ፣ ደህና እደሩ ብሎ ይሄድ ነበር። ስሜ ምህረት ማቴዎስ ነው። ኑ፣ አንኳኩና የእናንተን ንገሩኝ።